የሾፌሩ ክዳን

ወንድምየው ከክፍሉ አልወጣም ካለ ክረምትና በጋ ተፈራርቀዋል። ከጦር ሜዳ በአውቶቡስ ተመልሶ፣ እናቱን ሳም ሳም አድርጎ፣ በኮሪደሩ መጨረሻ ያለችውን ክፍል ከፍቶ ገባ። መግባት ብቻ። ቤት ሰው ሳይኖር ብቅ ብሎ ሳይታጠብ አይቀርም፣ ሳሙናው ሲያንስ ያስታውቃል። ከዚያ ውጪ በሕይወት መኖሩ የሚታወቀው በትሪው ነው። እናት ትሪውን ከበሩ ሥር ታስቀምጥና ቀስ ብላ አንኳኩታ «ልጄ፣ ምግብ ነው» ትላለች፤ መልስ ሳትጠብቅ ትመለሳለች። ቆይቶ ትሪው ባዶውን ይወጣል።

ሰሞኑን ግን ትሪው እንደገባ መውጣት ጀመረ። እናትና እህቱ ያልተነካውን ሳህን አይተው ይተያያሉ። ሁለቱም የፈሩት አንድ ነገር ነው፤ አፍ አውጥቶ የሚናገረው ግን ጠፋ።

እህቱ የካውያና የሬዲዮ ጠጋኝ ናት። ሱቅ መከራየት አቅቷት የፊተኛውን ክፍል ሱቅ አድርጋዋለች፤ ደንበኞቿ በመስኮት በኩል የተበላሸ ዕቃ ያቀብሏታል። «የሞተውን ነፍስ ትዘራበታለች» እያሉ ያወሩላታል፤ ዋጋ ሲሆን ግን ነፍሱም እንዲቀነስላቸው ይፈልጋሉ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ያልተበላውን ትሪ ልታነሳ ጎንበስ ስትል ከበሩ ጀርባ ድምፅ ሰማች።

«ሚጡ፣ ብረት ለበስ ትሠሪልኛለሽ?»

ድምፁን ረስታው ነበር ማለት ይቻላል። ትሪው ከእጇ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። «የምን ብረት ለበስ?»

«የእኛን። ትንሽዬ። በሪሞት የሚሄድ።»

ሰማይ ውጪ ቢላትም እሺ ማለቷ አይቀርም ነበር። «እሠራልሃለሁ ወንድምጋሼ፤ አንተ ብቻ ብላ» አለችው። ያን ዕለት ግማሽ ዳቦ በላ።

እናት ይህን ስትሰማ በአንድ ዓይኗ አለቀሰች፣ በሌላው ተቆጣች። «የመብራት ሳንከፍል ታንክ ልንነዳ ነው?»

«ታንክ አይደለም እማዬ፣ ብረት ለበስ ነው።»

«እሱ ይረክሳል?»

እንዲረክስ ያደረገችው እህትየው ናት። ግድግዳው ከዘይት ቆርቆሮ ተቆረጠ፤ በውስጥ በኩል የሱፍ አበባው ሥዕል እንኳ አልለቀቀም። ጎማዎቹ ከተጣለ መሳቢያ የተነቀሉ ናቸው። ሞተሮቹ የሰፈሩ ፀጉር ሠሪ ከጣለቻቸው ሁለት ማድረቂያዎች ወጡ። መትረየሱ የጃንጥላ ዘንግ ነው። ሰንሰለቱ የብስክሌት ካቴና ነው፤ ግን የሁለት የተለያዩ ብስክሌቶች ስለሆነ የግራው ላላ አለ። ሪሞቱንና መቀበያውን አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት፣ መኪናው ከጠፋ የልጅ መጫወቻ ገዛች። ሪሞቱ የሚጎርሰውን ሁለት ባትሪ ድንጋይ ግን መግዛት አቃታትና ከግድግዳው ሰዓት ነቅላ መዋስ ጀመረች። ብረት ለበሱ ሲሄድ ሰዓቱ ይቆማል፤ ሰዓቱ ሲሄድ ብረት ለበሱ ይቆማል። ቤቱ እንዲህ ሆኖ ተስማማ።

ወንድሟ ከበሩ ጀርባ ሆኖ ይመራታል። አፍንጫውን ዝቅ አድርጊው፣ ከኋላ ሰፋ ይበል፣ አንቴናው በቀኝ ነው ይላል። በሥራው ጉዳይ ባወሩ ቀን ይበላል፤ ባላወሩ ቀን ትሪው ሳይነካ ይወጣል። ስለዚህ የገባትንም ነገር እንዳልገባው ሰው መልሳ መላልሳ ትጠይቀዋለች። የግራው ሰንሰለት መላላቱን ስትነግረው ሳቅ ያለ መሰላት።

«ተይው፣ እንዳታጠብቂው። የእኛም ግራው ይላላ ነበር።» ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። «የሾፌሩ ክዳን ይከፈታል?»

የሾፌሩ ክዳን ሾፌሩ የሚገባባትና የሚወጣባት፣ ከፊት በግራ በኩል ያለች፣ የክብሪት ሣጥን የማታክል ነገር ናት። እንድትከፈት ትንንሽ ማጠፊያ ያስፈልጋታል፤ እንዲህ ያለ ማጠፊያ ደግሞ ያለው መነጽር ሠሪው ዘንድ ነው። እሱ የጠራው ዋጋ ሰው አያስጠጋም። የብረት ለበሱ ዋና ባትሪም ገና አልተገዛም። ስለዚህ ክዳኗን ዙሪያዋን በየደቻት፤ የምትከፈት እንድትመስል ብቻ ጠርዟን በምስማር ጫረች፣ ቀባችና ጨረሰች።

«ይከፈታል?» አለ በማግስቱ።

«ይከፈታል።»

እሱ ወጥቶ አያየውም ብላ ራሷን አጽናናች። ይህን በማሰቧ ምን ያህል ክፉ ነገር እንዳሰበች የገባት ቆይቶ ነው፤ ያኔም ፊቷን አዙራ ምርር ብላ አለቀሰች።

ዋናው ባትሪ እንደምንም ተገዝቶ ብረት ለበሱ ተሞከረ፤ ሄደ። ባትሪ ድንጋዮቹን ወደ ሰዓቱ መልሳ ወደ ሥራዋ ተቀመጠች። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ወለሉ ላይ ተኝታለች። የአንድ ደንበኛ ካውያ ፈትታ ሽቦውን ስትመረምር ከእግሯ ሥር የካቴና ድምፅ ሰማች። ቀና አለች። ብረት ለበሱ ትንሽ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ፣ ከዚያ ወደ ግራ ታጠፈና ኮሪደሩን ይዞ ሄደ። ሪሞቱ ፊቷ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ጀርባው ተከፍቶ ባዶውን። ሰዓቱ ከግድግዳው ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል።

ብረት ለበሱ የወንድሟን በር በአፍንጫው መታው። ወደ ኋላ አለና ደግሞ መታው።

«ሚጡ፣ አንቺ ነሽ የምትነጂው?»

«አዎ» አለች፤ እንዳይፈራ ብላ ነው። ሮጣ አነሳችው። ቆርቆሮው ለብ ብሏል። ጠጋኝ ናትና ለነገሩ ምክንያት አላጣችም፤ ርካሽ መቀበያ የማንንም ትእዛዝ ይሰማል፣ የጎረቤት ሪሞት ሊሆን ይችላል አለች። ነገሩ እንዳይደገም ዋናውን ባትሪ ነቅላ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። ይሁንና አንድ ነገር ከነከናት።

«ወንድምጋሼ» አለችው በሩ ላይ ተደግፋ፣ «ወደ ግራ ሊታጠፍ ሲል መጀመሪያ ወደ ኋላ ፈቀቅ ይላል። የላላው ሰንሰለት ነው እንዴ?»

ከውስጥ ወደ በሩ ጠጋ ሲል ሰማችው።

«ሾፌራችን እንደዚያ ነበር የሚነዳው። ሰንሰለቱ እንዳይወልቅበት ወደ ኋላ ፈቀቅ ይልና ነው ወደ ግራ የሚታጠፈው። ሌላ ማንም እንደዚያ አይነዳም። ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ሆኖ ሽማግሌው እንለው ነበር፣ ከአነዳዱ የተነሳ።»

«የት ነው ያለው አሁን?»

«ተመትተን ስንቃጠል እኔ ከላይ በመትረየሱ በኩል ዘልዬ ወጣሁ። የእሱ ክዳን አልከፈት አለ። ከውስጥ ሲያንኳኳ ይሰማኛል። ክዳኑ ፈጅቶኝ ለቀቅኩት።»

ማታ ትሪው እንደገባ ወጣ፤ ጠዋትም እንዲሁ። እናት ትሪውን እያየች «ይሄ ልጅ ሊሞትብኝ ነው» አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አፍ አውጥታ። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሐኪም የምታውቅ ዘመድ ልታነጋግር ወጣች።

መብራት ጠፍቷል። መበየጃውም ሬዲዮውም ዝም ብለው ተቀምጠዋል። እህትየው እጇን አጣጥፋ በተቀመጠችበት ካቴናው ተንቀጫቀጨ። ብረት ለበሱ ባትሪው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት፣ ወደ ኋላ ፈቀቅ፣ ወደ ግራ፣ ኮሪደሩን ይዞ ሄደ። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። አሁን በሩን አልመታም። ቢሆንም አንድ ነገር ይንኳኳል።

ጠጋ አለች። ድምፁ ከቆርቆሮው ውስጥ ነው የሚመጣው። በጡጫ የሚመታ እጅ ነው፤ ትንሽ፣ የራቀ፣ ግን እጅ።

«ክዳኑ ይከፈታል አልሽኝ!» ሲል ጮኸ ወንድሟ ከውስጥ። «ታዲያ ለምን አይወጣም?»

«በየድኩት!» እሷም ጮኸች። «ማጠፊያ መግዛት አቃተኝ፤ በየድኩት ወንድምጋሼ፤ ዋሸሁህ!»

«ክፈችው!»

መፍቻ ይዛ ተንበረከከች። ቆርቆሮው ይፋጃል፤ ቀለሙ እየተኮማተረ ነው። በቀሚሷ ጠርዝ ልትይዘው ሞከረች፣ እየተሽከረከረ አመለጣት። በአንድ እጅ ይዞ በሌላው መፈልቀቅ የማይሆን ነገር ነው። የናፍጣ ሽታ ጉሮሮዋን ያዛት፤ ማንኳኳቱ እየደከመ መጣ።

«ብቻዬን አልችልም! የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልገኛል!»

የበሩ እጀታ ዞረ። ጢሙ ደረቱ የደረሰ፣ እንደ እንጨት የከሳ ሰውዬ ወጣና ከፊቷ ተንበረከከ። ባታውቀው ኖሮ ትሸሸው ነበር። በሁለት እጁ ብረት ለበሱን አቀፈ። መዳፉ ሲጠበስ ሰማችው፤ እሱ ግን ጥርሱን ነክሶ «በይ» አላት፣ «አልለቅም፣ በይ።»

መፍቻውን በጫረችው ጠርዝ ውስጥ ሰክታ ባላት ጉልበት ፈለቀቀችው። ክዳኗ ተስፈንጥራ ግድግዳ መታች። ትኩስ አየር ፊታቸው ላይ እፍ አለና አለፈ፤ በወንድሟ ትከሻ በኩል፣ ወደተከፈተው ክፍል። ማንኳኳቱ ቆመ። ቆርቆሮው በእጁ ላይ እያለ ቀዘቀዘ።

እናት ስትመለስ ልጇ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ፣ መዳፎቹ በጨርቅ ተጠቅልለው፣ እህቱ ሾርባ ስታጎርሰው አገኘችው። የያዘችው ሁሉ ከእጇ ወደቀ። አንገቱን አቅፋ አለቀሰች፣ ጢሙን ሰደበች፣ ደግሞ አለቀሰች። እሱም «በቃ እማዬ፣ በቃ» እያለ በላ። ዳቦው አልቆ ሌላ ተቆረሰ።

በዚህ መሃል በኮሪደሩ መጨረሻ ያለችው ክፍል በር ቀስ ብሎ ተዘጋ። ንፋስ እንዳይባል መስኮቷ ከተዘጋ ዓመት አልፎታል። ከዚያ መቀርቀሪያው ከውስጥ ገባ።

እህትየው ብድግ ስትል ወንድሟ በተጠቀለለ እጁ ክንዷን ያዘ።

«ተይው ሚጡ። ገና አሁን መውጣቱ ነው። ይረፍበት።»

ከዚያ ራሱ ተነሳ። ከሾርባው ቀዳ፣ ዳቦ ጨመረበት፣ ትሪውን በሁለት የተቃጠሉ እጆቹ መሃል ይዞ እየተንገዳገደ ሄደና ከበሩ ሥር አስቀመጠው። በክንዱ ቀስ ብሎ አንኳኳ።

«ሽማግሌው፣ ምግብ ነው» አለ፤ መልስ ሳይጠብቅም ተመልሶ እናቱ አጠገብ ተቀመጠ።