አሥራ አንድ መስመር

ኮምፒውተሩ መልሱን ለመስጠት አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። ሀጀር አሥራ አንድ መስመር አነበበች፤ አሥራ አንደኛው ላይ ዘርትሁን ሞተች።

በእርግጥ ስሟ አልተጻፈም። የተጻፈው «በር ክፍት፤ ሳጥኑ ምድር ቤት» የሚል ብቻ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ገርጂ ባለ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስታጸዳ የነበረችው ሴት ግን የሞተችው በዚሁ መስመር ነው፤ ባልዲዋን ይዛ ወደ ሊፍቱ ስትገባ ሊፍቱ አልነበረም። በሩን በቁልፍ የከፈቱት ጥበቃው ጋሽ መኩሪያ ከዚያን ቀን ጀምሮ ታስረዋል።

የሊፍቱን ፕሮግራም ያረጋገጠችው ሀጀር ናት። ሕጉን በሎጂክ ቋንቋ ትጽፋለች፦ ምንጊዜም፣ በር ከተከፈተ ሳጥኑ፣ ሰው የሚገባበት የሊፍቱ ክፍል፣ እዚያው ፎቅ ላይ መቆም አለበት። ከዚያ ኮምፒውተሩ ሊከሰት የሚችለውን ሁሉ አንድ በአንድ እየፈተሸ ሕጉ የሚጣስበትን መንገድ ይፈልጋል። አምና አላገኘም። እሷም ኮራ ብላ ፈርማለች።

ሁሉ ማለት ግን እሷ የነገረችው ሁሉ ነው። «የበሩ ቁልፍ በቴክኒሻን እጅ ብቻ ይገኛል» የሚለውን ግምት ከውጭ አገሩ አምራች ሰነድ ላይ እንዳለ ገልብጣው ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ቴክኒሻን የሚጠብቅ ማን አለ? ጥበቃው ቁልፉን ካንገቱ አውልቆ ይከፍታል። ሊፍቱ በተተከለ ሰሞን፣ ገና ሳትፈርም፣ መብራት ጠፍቶ ውስጡ ስትቀር እሷን ራሷን ጋሽ መኩሪያ ሁለቴ አውጥተዋታል። እያወቀች ነው የገለበጠችው፤ አንጀቷን ያሳረራት ይኼ ነው።

ዛሬ ግምቱን ሰረዘችው፤ ኮምፒውተሩም አሥራ አንዱን መስመር አወጣ። መብራት ይጠፋል፤ ሳጥኑ ሦስተኛ ፎቅ ይቆማል፤ ጥበቃው ይከፍታል፤ ሰዎቹ ይወጣሉ፤ እሱም በደረጃ ሊያወርዳቸው ይዞራል። ጄኔሬተሩ ይነሳል። ፕሮግራሙ እንደ አዲስ ሲጀምር፣ በሩን ራሱ ፕሮግራሙ ስላልከፈተው፣ ዝግ ነው ብሎ ያምናል። ሳጥኑን ወደ ምድር ቤት ይልከዋል።

አለቃዋ ነህምያ ከኋላዋ ቆሞ አነበበ። ጠዋት ለሟች ቤተሰብ ከልቡ ሲጸልይ ሰምታዋለች።

«ሲስተሙ ፈተናውን ፓስ አድርጓል፣ ሀጅዬ» አላት ቀስ ብሎ። «ፖሊስ የጠየቀን የአምናውን ሪፖርት ነው። እሱን ስጫቸው።»

«ጋሽ መኩሪያ ይፈረድባቸዋላ!»

«ይኼ ከወጣ አንቺም አትተርፊም።»

የአምናውን ሪፖርትና የዛሬውን አሥራ አንድ መስመር አትማ ሁለቱንም ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ቢሮዋ ካለበት ሩዋንዳ ሰፈር እስከ ገርጂ ፖሊስ ጣቢያ ሩቅ አይደለም፤ ታክሲ ውስጥ ግን መንገዱ አላልቅ አላት። ፈርታለች፤ ሁለቴ ለመውረድ አስባ ነበር።

ጋሽ መኩሪያ ከመርማሪው ጠረጴዛ ፊት ተቀምጠዋል። ሲያዩዋት ብድግ አሉ።

«ልጄ፣ አንቺ የማሽኑ ሰው ነሽ። በሩን ስከፍት ሳጥኑ ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ነበር፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ማን ወሰደው?»

አሥራ አንድ መስመር ያለበትን ወረቀት አውጥታ መርማሪው ፊት አኖረች።

«እኔ ነኝ።»

መርማሪው ቀና ብሎ አያት። ጋሽ መኩሪያ ግን ክንዷን ያዝ አደረጓት፣ ሊያጽናኗት።

«ኧረ አንቺማ ቢሮ ነበርሽ፣ ልጄ።»