ፕሮፌሰሯ አንደኛ ክፍል ገባች

ልጄ ፕሮፌሰር ናት። ተራ ፕሮፌሰርም አይደለችም፤ አስተማሪ የሚሆኑትን የምታስተምር፣ የአስተማሪ አስተማሪ። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ እሷን ግን እያባረርኩ አስገብቻታለሁ። ዛሬ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ናት። የራሷ ቢሮ፣ የራሷ ጸሐፊ፣ የሚሽከረከር ወንበር አላት። ወንበሩን አንድ ጊዜ ሄጄ ተቀምጬበታለሁ። ይመቻል። ስለዚህ ያ ወንበር የእሷ ብቻ ነው የሚለኝ ሰው ካለ ተሳስቷል።

ሰሞኑን ታዲያ ነገረ ሥራዋ አላማረኝም። መጀመሪያ ተረከዝ ያለውን ጫማዋን ትታ ጠፍጣፋ ማድረግ ጀመረች። ሰርቪስ መጠበቁን ተወችና በማለዳ በእግሯ ትወጣለች፤ ያውም በላይ በኩል ወደ ዩኒቨርሲቲው ሳይሆን በታች በኩል ወደ ገበያው። ስትመለስ ድምጿ ተዘግቶ እንደ ጎረምሳ ታወራለች። ቀሚሷን ሳጥብ ጠመኔ አገኘሁበት። እነሱ ዘንድ ጠመኔ ከቀረ ስንት ዘመኑ፤ ግድግዳ ላይ በመብራት ነው የሚያስተምሩት። አንድ ቀን ደግሞ ፀጉሯ ላይ ሙጫ ደርቆባት መጣች።

«ምን እየሆንሽ ነው?» አልኳት።

«እድገቴን እያቀድኩ ነው፣ እማዬ።»

«ፀጉርሽ ሸብቶ? ከዚህ ወዲያ ብታድጊ ጣሪያው ያግድሻል።»

«የሙያ እድገት ነው የምልሽ።»

«የሙያ እድገት በሙጫ ነው?»

ሳቀችና ወደ መኝታ ክፍሏ ገባች። ድሮ እንዲህ ስናገራት ትመልስልኝ ነበር። መልስ የሌለው ሳቅ ከኋላው የሚደብቀው ነገር አለ።

ከዚያ ደግሞ ሽቶ አለ። ስሙ ሌላ ነው፤ ከሱ በፊት ሽታው ስለሚገባ ሽቶ እለዋለሁ። ተማሪዋ ነበር፣ አሁን ምክትሏ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ብርቱካን ይዞ ይመጣል። «እማማ፣ እንዴት ሰነበቱ?» ይልና እጄን በሁለት እጁ ጭብጥ ያደርጋል። በሁለት እጁ የሚጨብጥ ሰው አልወድም፤ በየትኛው እንደሚሰርቅ አይታወቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ሳሎኑን ዘግተው ተቀመጡ። እኔ ሰው ሲያወራ ጆሮዬን የምጥል ሰው አይደለሁም፤ በሩ ነው ከስስ እንጨት የተሠራው።

«እርስዎ አይጨነቁ» አላት። «ተርሙ እስኪያልቅ ወንበሩን እኔ እይዘዋለሁ።»

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ወዲያው ገባኝ። ልጄን ከቢሮዋ አስወጥተዋታል፤ እሷም አፍራ ደብቃኛለች፤ ያስወጣት ሰውዬ ደግሞ ሳሎኔ ውስጥ እግሩን አጣምሮ ሻዬን ይጠጣል።

ሰኞ ሻሼን አስሬ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄድኩ። ዘበኛው በሩ ላይ ያዘኝ።

«እማማ፣ ማንን ፈልገው ነው?»

«ልጄን። ፕሮፌሰር ናት።»

«እዚህ ፕሮፌሰር ብዙ ነው።»

«የኔን ብታውቃት ብዙ ነው አትልም ነበር» ብዬው አለፍኩ።

ጸሐፊዋ ስታየኝ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «ፕሮፌሰር የለችም፣ እማማ። ምናልባት ከሰዓት በኋላ ለስብሰባው ትመጣ ይሆናል።»

«የምን ስብሰባ?»

«የኃላፊ ምርጫ ነው። የእሷ ዘመን አልቋል። እንደገና መመረጥ የሚፈልግ ሰው መገኘት አለበት፤ ካልተገኘ ቀረ ማለት ነው።»

የቢሮውን በር ገፋ አደረግኩት። ሽቶ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ኮቱን ከኋላው ሰቅሏል። ኮቱን የሰቀለ ሰው ለአፍታ ብሎ የመጣ አይደለም።

«ተነሥ» አልኩት።

ተነሣ።

«ልጄን የት አደረስካት?»

«አልነገረችዎትም እንዴ?» ዓይኑ በሩን ፈለገ። «አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ናት። የአንደኛ ክፍል ልጆች ታስተምራለች።»

«ማን አወረዳት?»

«ኧረ ማንም አላወረዳትም። ራሷ ጠይቃ ነው።»

«ፕሮፌሰር ሆኖ ሀ ሁ ላስቆጥር ብሎ የሚለምን ሰው አለ? ይህን ለልጅ ንገረው።»

«ካላመኑኝ በመኪናዬ ልውሰድዎትና ይዩ።»

ቶሎ ማለቱ አልጣመኝም። ምርጫ የደረሰበት ሰው አሮጊት ማንሸራሸር ምን አማረው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ ግን እየጠረጠርኩም መኪናው ያስፈልገኝ ነበር፤ ልጄን ለስብሰባው ማድረስ አለብኝ።

ትምህርት ቤቱ ከገበያው ጀርባ ነው፣ ግንቡ ቀለሙ የተላጠ። ሽቶ ውጭ ቀረ። እኔ ገብቼ በመስኮት አየሁ። ልጄ ጠመኔ ይዛ ሰሌዳው ፊት ቆማለች። በቦታው የተቀመጠ ልጅ ግን የለም ማለት ይቀላል። አንዷ ጠረጴዛ ሥር ገብታ የጓደኛዋን የጫማ ማሰሪያ ትፈታለች። ሁለቱ በአንድ ላጲስ ይተናነቃሉ። አንዱ ያለቅሳል፤ ለምን እንደሆነ እሱም የሚያውቅ አይመስልም። ልጄ በዚያ በተዘጋ ድምጿ «ልጆች፣ እባካችሁ» ትላለች። ጺማም ሁሉ ብድግ የሚልላት ሴት እባካችሁ ትላለች። የክፍሉ አስተማሪ፣ አንዲት ቀጭን ወጣት፣ ከኋላ ተቀምጣ እጇን አጣምራ ታያታለች። አታግዛትም።

ደወል ተደወለና ልጆቹ እንደ ጎርፍ ወጡ። ልጄ በሩ ላይ አየችኝ።

«እማዬ፣ ማን አመጣሽ?»

«ቦርሳሽን ያዢና ነይ። ስብሰባው ዛሬ ነው፤ ወንበርሽን ሊወስዱብሽ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ያ ሽቶ ኮቱን ሰቅሏል።»

«ይስቀል። ወንበሩን ድሮም ይፈልገዋል።»

ይህን የማውቀው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

«እያወቅሽ ነው ብርቱካኑን የምትበዪው?»

«ብርቱካኑ ምን አጠፋ?» አለችና የልጆች አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፤ ጉልበቷ አገጯ ሊደርስ። «ዓምና አንዷ ተማሪዬ በክፍል መሀል ‹እርስዎ ሕፃናት ያስተማሩት መቼ ነው?› ብላ ጠየቀችኝ። አስተምሬ አላውቅማ። ተመርቄ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ቀረሁ። ልጆች እንዴት እንደሚያዙ ያን ሁሉ ዘመን ለሰው ሳስተምር፣ እኔ መያዝ አልችልም። አየሽኝ አይደል?»

«አየሁሽ። ገበያ ነው።»

«እንግዲህ እቅዴ ይኸው ነው። ጠዋትም ከሰዓትም እዚህ መሆን፣ እስኪገባኝ ድረስ። ተርሙ ባይበቃኝ እጨምራለሁ። ኃላፊነቱን ከዚህ ጋር መያዝ አይቻልም።»

«ዛሬን ብቻ ሄደሽ ተመረጪ። ሌላው በኋላ ይታሰባል።»

ዓይኗ ወደ ውጭ በር ሄደ፤ ሽቶ መኪናው ላይ ተደግፎ ስልኩን ያያል። ከኔ ሆድ የወጣች ናት፣ ሹመት ትወዳለች። ጠመኔውን በጣቶቿ መሀል ስታዟዙረው «መጣችልኝ» አልኩ በልቤ።

ያቺ ቀጭኗ አስተማሪ ጠጋ አለች። «ከእረፍት በኋላ እርስዎ ይገባሉ ወይስ እኔ ልግባ?» እኔ ልግባ የሚለውን ጠንከር አድርጋ ነው ያለችው። እሷንም አልወደድኳት።

«እኔ እገባለሁ» አለች ልጄ። ከዚያ ወደኔ ዞራ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ነይ እያልሽ አታስጨንቂኝ፣ እማዬ። እሱንም አትመጣም በይልኝ።»

«እኔው ልንገረው?»

«አንቺ ስትነግሪው ያምናል።»

ደወሉ ተደወለ። ገባች፤ በሩንም ዘጋችው።

ሽቶ ስልኩን ኪሱ ከተተና ቀና አለ። «አትመጣም» አልኩት፣ ፊቱን ትኩር ብዬ እያየሁ። መከፋት ነበረበት፣ ተከፋም። ግን ከመከፋቱ በፊት ሌላ ነገር ውልብ አለበት። አየሁት። ማየቴንም አየ።

«ቤት ላድርስዎት፣ እማማ» ብሎ የፊተኛውን በር ከፈተልኝ።

የኋላውን ከፍቼ ገባሁ።

«ምነው፣ ከፊት አይመችዎትም?»

«ከዚህ ሆኜ ሁለቱም እጅህ ይታየኛል።»

ሞተሩን ሳያስነሣ በመስታወቱ አየኝ። «ምን አጠፋሁ ግን?»

«እስካሁን ምንም» አልኩት። «ንዳ።»