ቃል የተሰካበት ኮት

የወንድሜ ሚስት እንግሊዝኛ የተማረችው በስፒል ነው ብል የሚያምነኝ የለም። እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን ነው የምናገረው።

ልብስ ሰፊ ናት። እኔ በሷ ሱቅ ውስጥ ተኳሽ ነኝ፤ ጠዋት ካውያዬን አግላለሁ፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ሱሪ እተኩሳለሁ፣ እግረ መንገዴንም አጉረመርማለሁ። እትዬ ነው የምላት። ወንድሜ ደግሞ የእንግሊዝኛ መምህር ነበር። እንግሊዞች ገና በፈረስ ጋሪ ሲሄዱ፣ በቪክቶሪያ ዘመን የተጻፈ ትራስ የሚያህል ልብ ወለድ አለ፤ ዕድሜውን ሙሉ እሱን ሲያስተምር ኖረ። ውስጡ ያሉትን ከባድ ከባድ ቃላት እንደ ከረሜላ እያጣጣመ ስለሚናገራቸው ተማሪዎቹ «መዝገበ ቃላት» የሚል ስም አወጡለት።

ከዕለታት አንድ ቀን ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ዛሉ፣ አንደበቱ ተዘጋ። ያ ሁሉ ቃል የት እንደገባ እንጃ። የምንለውን ይሰማል፣ በዓይኑ ይከተለናል፣ ሊናገር አፉን ይከፍታል፤ ምንም አይወጣም። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። የንግግር ሐኪሟ ለእትዬ፣ ድሮ የሚወደውንና አዘውትሮ የሚናገረውን ነገር አሰሚው አለቻት። እኔ ዘፈን መስሎኝ ነበር። እትዬ ግን ያንን ትራስ የሚያህል መጽሐፍ ከወፍራም መዝገበ ቃላት ጋር ታቅፋ ሱቅ መጣች። ትምህርቷን ያቋረጠችው ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው።

አካሄዷ የልብስ ሰፊ ነበር። ልብስ ሰፊ ፊት ነገር ሁሉ ልክ አለው፤ ስለዚህ ለቃሉም የሚለብሰው ሰው ትፈልግለታለች። ወንድሜን መስኮቱ አጠገብ ታስቀምጠዋለች። ከመጽሐፉ አንድ ከባድ ቃል ታወጣለች፣ ፍቺውን ትፈልጋለች፣ ከልብስ ንድፍ በተረፈ ቁራጭ ወረቀት ላይ ትጽፈዋለች። ከዚያ ጠባዩ ለቃሉ ልክ የሚመጣ ደንበኛ አስባ የዚያን ሰው ልብስ ላይ በስፒል ትሰካዋለች። «ማግናኒመስ» ልበ ሰፊ ማለት ነው፤ ልብሷ ሲዘገይባት እንኳ ተቆጥታ የማታውቀው አዋላጅ ነርስ ቀሚስ ላይ ዋለ። «ሜላንኮሊ» ትካዜ ነው፤ እሱ የፎቶ አንሺው ሰደርያ ላይ። ልብሱ ሲወጣ ወረቀቱ ይነሳል። እስከዚያ ድረስ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች፣ ወንድሜን እያየች ቃሉን ከነፍቺው ትደጋግመዋለች። ምላሷ ሲተሳሰርባት ትስቃለች እንጂ አትተወውም። እኔ በሆዴ «ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ» እላለሁ።

አንድ ቀን ኮት ያሰፋው ደንበኛችን ኮንትራክተሩ መጣ። ይሄ ሰው በር የሚከፍትለት ካላገኘ ውጭ ቆሞ የሚጠብቅ ዓይነት ነው። ኮቱን ራሱ ከመስቀያው አውርዶ ለበሰ፣ መስታወት ፊት ደረቱን ነፋ፣ እስክንጠቀልልለት እንኳ ሳይጠብቅ ወጣ። ጀርባው ላይ «ፖምፐስ» የሚል ወረቀት በትልልቅ ፊደል እንደተሰካ ነው። ጉረኛ፣ ራሱን የሚቆልል ማለት ነው። እትዬ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ሮጬ ልነግረው ድፍረት አጣሁ። ያን ጊዜ ከመስኮቱ በኩል እንግዳ ድምፅ ሰማን። ወንድሜ እየሳቀ ነበር። ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ድምፁን ስንሰማ የመጀመሪያችን ነው። ቃሉ ገብቶታል ማለት ነው። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ኮንትራክተሩ በማግስቱ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀ። እትዬ ዓይኗን በጨው አጥባ፣ ገና ከሩቅ የሚታወቅ ሰው ማለት ነው አለችው። ደስ ብሎት ሌላ ሱፍ አዘዘ።

ከሳቁ በኋላ ግን ምንም አልተከተለም። ሳምንታት አለፉ። ሐኪሟ እስካሁን ያልተመለሰ ንግግር ከዚህ በኋላ መመለሱን እንደምትጠራጠር ለብቻዬ ጠርታ ነገረችኝ። ወንድሜም ወደ ግድግዳው መዞር አበዛ። እትዬ ከሳች፤ መጽሐፉን ግን ገጽ በገጽ ቀጠለች፤ ትናንት ያላወቀችውን ቃል ዛሬ እንደ ቁልፍና እንደ ክር ታውቀዋለች። እንዲህ ዓይነት ልብ ያላት ሰው አላየሁም። ቢሆንም እኔ የሆዴን በሆዴ መያዝ አልችልበትም። የኮንትራክተሩን አዲስ ሱሪ እየተኮስኩ፣ ወንድሜም እየሰማ ተናገርኳት።

«እትዬ፣ በቃሽ። እሱንም አታድክሚው፣ ራስሽንም አትጨርሺ። ተስፋ የለውም ብላለች ሐኪሟ።»

ገጹን ገለጠች፣ ጻፈች፣ መጥታ ወረቀቱን የገዛ ጃኬቴ ደረት ላይ ሰካችው።

«ኦብስቲኔት» አለች ወደ ወንድሜ ዞራ። «ለወንድምህ ልኩ ነው።» ፍቺውን ግን ያን ቀን አልነገረችንም።

ወንድሜ ከወንበሩ ተነሳ። ጠረጴዛውን ተደግፎ፣ ቀኝ እግሩን እየጎተተ ወደ እኔ መጣ። የሚመታኝ መሰለኝ፤ ቢመታኝም ይገባኝ ነበር። በደህናው እጁ ስፒሉን ከጃኬቴ ነቀለ። ወረቀቱን ይዞ ወደ እሷ ሄደና ሽርጧ ላይ ሊሰካው ታገለ። እሷ ልርዳህ አላለችም፤ ልኩን እንደሚያስለካ ሰው ቀጥ ብላ ቆመችለት። ተሰካ።

«ያንቺ… ነው» አለ።

ድምፁ የዛገ በር ይመስል ነበር። የእትዬ እንባ በጉንጯ ወረደ። ሆኖም ድሮ እሱ ተማሪዎቹን እንደሚጠይቀው ኮስተር ብላ ጠየቀችው።

«ፍቺው?»

ከንፈሩ ለረጅም ጊዜ ታገለ።

«እምቢ… ባይ።»

የኮንትራክተሩ ሱሪ ካውያዬ ሥር መጤስ ጀምሯል። ሸቶኛል፤ ማንሳት እንዳለብኝም አውቃለሁ። ግን ዓይኔን ከእሷ ላይ መንቀል አልቻልኩም።