ከአዋሽ የተመለሰው ሰማያዊ

ሰማያዊው ቀለም ሰኞ ጠዋት በእግሩ ወደ ፋብሪካው መጣ። በር ላይ ዘበኛው ጋሽ አበጋዝ አስቆሙትና እንደ ማንኛውም ገቢ ፈተሹት። ኪስ ስላልነበረው ፍተሻው ቶሎ አለቀ።

"ወዴት ነው?" አሉት።

"ላብራቶሪ።"

"ማን ጋ?"

"ሉባባ ጋ።"

አሳለፉት። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ ይኼኛው ጉድ ደግሞ ቢያንስ ሲጠየቅ በሥርዓት ይመልሳል ብለው ወደ ሬዲዮናቸው ተመለሱ። በረገጠበት ሁሉ ቀለም አልቀረም፤ የቀረው ጨው ነበር። ጋሽ አበጋዝ ኋላ ላይ በመጥረጊያ ጠረጉት።

ፋብሪካው በቦርከና ወንዝ ዳር ካሉት ከተሞች በአንዷ የሚገኝ የጨርቅ ፋብሪካ ነው፤ ሉባባ ደግሞ የላብራቶሪው ኃላፊ ናት። ሥራዋን ሲያወሩት ቀላል ነው። ቀለም ቤት ጨርቅ ነክሮ ሲያበቃ የሚተርፈውን ባለቀለም ውሃ ትወስድና ቀለሙን ከውሃው የምታወጣበትን ዘዴ ትፈትናለች። ሲሠሩት ግን ወገብ ያጎብጣል። የዛሬ ቀለም እንደ ድሮው የቅጠልና የሥር ቀለም መች ሆነና! ፀሐይ አይበላውም፣ ሳሙና አይፈራም፣ ውሃ ውስጥ ቢጥሉት ሰው አርጅቶ እሱ አያረጅም። የሠሩት ሰዎች እንዳይለቅ አድርገው ነው የሠሩት፤ እነሱም አልተሳሳቱም።

ሰማያዊው ገብቶ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቁመቱ የሰው ቁመት ነው። ፊቱ ፊት የሚባል አልነበረም፤ ከትከሻው እስከ ክንዱም ገና ውሃ ነገር ነው። እጆቹ ግን ጥርት ያሉ እጆች ነበሩ። መዳፋቸው ሰፊ፣ የግራው ትንሿ ጣት ማሽን ይዟት የተንጋደደች። ሉባባ ያቺን ጣት አየችና የያዘችውን ብርጭቆ ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ጣቷ የይመር ናት።

ይመር የቀለም ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ሉባባን ይወዳት ነበር፣ እሷም ትወደው ነበር። በዚያ ፋብሪካ አንድ ወግ አለ። የቀለም ቤት ሰው ሽማግሌ ሲልክ እንደ ሌላው ቤቱ ቁጭ ብሎ ወሬ አይጠብቅም፤ እጁን ሳይታጠብ፣ ቀለሙ እንዳለበት አብሮ ይሄዳል። የልጅቱ ቤተሰብ እጁን አይቶ የሚበላበትን ሥራ ያውቃል። እሺ ከተባለ በዚያው እጁ የልጅቱን እጅጌ ጨበጥ ያደርጋል። አሻራ ያረፈባት ልጅ ተይዛለች፤ ሌላ ሽማግሌ ደጇን አይጠናም።

ይመር ለዚህ ወግ አልደረሰም። ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ጎጆ መቀለሻ ይዤ ልምጣ ብሎ በአፋር በረሃ በኩል ባሕር ተሻግሮ ዐረብ አገር ሊገባ ተነሣ። ሊሰናበታት ላብራቶሪ መጣና፣ "አብሽሪ፣ እመጣለሁ" ብሎ የነጭ ጋዎኗን እጅጌ ያዘው። አምስት ሰማያዊ ጣቶች ቀሩበት። በነጋታው ተቆጣጣሪዎች ይመጡ ነበር፤ ጋዎን ነጭ መሆን አለበት። ሉባባ እጇ እንደለመደው፣ ምንም ሳታስብ፣ በረኪና አፈሰሰችበት። አሻራው ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ ከይመር ስልክም አልመጣም፣ መርዶም አልመጣም።

ኧረ የዚያች በረኪና ነገር! ሌላው እኮ የሄደበት ሰው ቢያንስ አሮጌ ሸሚዝ ይቀርለታል። ሉባባ ግን የቀራትን በገዛ እጇ አነጣችው። እናቷ ወይዘሮ ከድጃ ደግሞ ነገሩን በሌላ በኩል ያዩታል።

"የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን የጣለ ሰው ነው" ይላሉ። "ዕድሜሽን ጨረሰው። እሑድ ሽማግሌ ይመጣል፤ ልጁ ደህና ልጅ ነው። እጅጌሽ እንደሆነ ነጭ ነው።"

እሑድ እንግዲህ ሩቅ አልነበረም።

"እንኳን ደህና መጣህ" አለችው ሉባባ ሰማያዊውን።

"እንኳን ደህና ቆየሽ።"

"ከእጁ ላይ ነህ?"

"ነበርኩ።"

"እሱስ?"

"አላውቅም።"

ሳይቸኩል አስረዳት። በረሃው ውስጥ የይመር መዳፍ በሙቀት ተላጠ። አዋሽ ወንዝ ዳር ሲታጠብ ሰማያዊው ከቆዳው ጋር አብሮ ወረደ። ይመር ወደ ባሕር እንደሚሄድ ሲያወራ ሰምቶት ስለነበር፣ ወንዝ ሁሉ ባሕር ይገባል፣ እዚያ እደርስበታለሁ ብሎ በውሃው ሄደ።

"አዋሽ እኮ ባሕር አይገባም" አለች ሉባባ።

"ማን ነገረኝ?" አለ ሰማያዊው።

እውነቱን ነው። አዋሽ በረሃው ውስጥ ጨዋማ ሐይቅ ገብቶ እንደሚቀር ትምህርት ቤት የገባ ሕፃን ሁሉ ያውቃል፤ ሰማያዊው ግን የሚያውቀው መንከር ብቻ ነበር። ሐይቁ ውስጥ ሆኖ ይመርን ለዓመታት ጠበቀው። በመጨረሻ ተነሥቶ በመጣበት በኩል በእግሩ ተመለሰ።

"መናፈቅ ደከመኝ" አለ። "እንደ ሌላው ልደብዝዝ ብል አልችልም፤ እንዳልለቅ ሆኜ ነው የተሠራሁት። አንቺን ቀለም ታፈርሳለች ሲሉሽ ሰማሁ። አፍርሺኝ።"

ሲናገር እጆቹ ጠረጴዛው ላይ ቀስ እያሉ ወደ ምሥራቅ ይንሸራተቱ ነበር። ሉባባ መልሳ መሐል ላይ አስቀመጠቻቸው። ደግመው ተንሸራተቱ።

"ይቅርታ" አለ ሰማያዊው። "እሱ በዚያ በኩል ስለሄደ ነው።"

በላብራቶሪ ሥራ ማስወገድና ማፍረስ ለየቅል ናቸው። ማስወገድ ቀለሙን ከውሃው አውጥቶ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ነው። ማፍረስ ግን ቀለም የነበረው ነገር ዳግመኛ ቀለም መሆን እስኪያቅተው ድረስ መበታተን ነው። ሉባባ ይህን ለአዲስ ገቢዎች ሁሉ የምታስተምር እሷ ናት። ያን ቀን ግን አውቃ ረሳችው። የይመርን እጅ አንዴ አጥፍታዋለች፤ ሁለተኛ አላጠፋም አለች በሆዷ።

ስለዚህ በከሰል ጀመረች። ሰማያዊው የመስታወት ገንዳው ውስጥ ገባ፤ የደቀቀ ከሰል ጨመረችበትና አማሰለችው። ከሰሉ ቀለሙን ጠጣ፣ ውሃው ጠራ። ሉባባ ጥቁሩን ዝቃጭ አጥልላ በጨርቅ ቋጠረችና ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

"እዚህ ነኝ እኮ" አለ ሰማያዊው ከቋጠሮው ውስጥ። "ቦታ ነው የለወጥሽልኝ።"

"ይመችሃል?"

"ይመቻል። ግን አለሁ።"

በማግሥቱ ከቋጠሮው አስወጣችውና ውሃ በሚያጠሩበት ነጭ ዱቄት ሞከረች። ዱቄቱ ቀለሙን እያጓጎለ ወደ ታች አወረደው። ሰማያዊው እጆቹን አጣጥፎ ከገንዳው ሥር ጋደም አለ፤ ያውም በምሥራቁ ጥግ ተሰብስቦ።

"አሁንስ?" አለችው።

"ተኝቻለሁ። መተኛት መጥፋት አይደለም።"

አብራት የምትሠራው እትዬ አስካለ፣ ላብራቶሪው ሲከፈት ጀምሮ የነበረች ሴት፣ ይህን ሁሉ ስታይ ከርማ ሐሙስ ዕለት አላስችላት አለ።

"ውሃ ቢወቅጡት ያው እንቦጭ ነው" አለች። "ቀለም የሚያፈርሰው የብረት ጨው መደርደሪያው ላይ አለልሽ። ለምን አታወርጂውም?"

"እጆቹን አላየሻቸውም እትዬ?"

"አይቻለሁ። ይመር በእነዚህ እጆች ስንት ጊዜ አጉርሶኛል፤ እንዴት አላያቸው? ግን ልጄ፣ ደክሞት ደጅሽ ድረስ የመጣን እንግዳ፣ አንቺ ስለናፈቀሽ ብለሽ ታሠቃዪዋለሽ?"

ሉባባ አለቀሰች። መጸዳጃ ቤት ገብታ፣ ፊቷን አዙራ አይደለም፤ እዚያው ቆማ፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ከዚያ አፍንጫዋን ጠረገችና ብረቱን አወረደች።

ከማፍረሷ በፊት ከመደርደሪያው ቡናማውን ጠርሙስ አነሣች። የማንኛውም ሙከራ ሕግ ነው፤ ከናሙናው ጥቂት ሳይነካ ተቀንሶ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል።

"የግራ እጅህን እዚህ አስቀምጥልኝ" አለችው።

"ለምን?"

"ያልተነካ ካልቀረ፣ የጠፋው ምን እንደነበር በምን ይታወቃል?"

ሰማያዊው አሰበበት።

"የምታስቀሪው እጅ አያርፍም" አለ።

"እኔም አላርፍም።"

"እንግዲያውስ ይሁን" አለና የግራ እጁን ጠርሙሱ ውስጥ አስገባ። ሉባባ ክዳኑን አጥብቃ ዘጋችው። የቀረው ሰማያዊ ወደ ገንዳው ገባ። ጥቂት አሲድ፣ ቀጥሎ የብረት ጨው፣ ቀጥሎ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ጨመረች፤ ከላይ መብራቱን አበራች። መጀመሪያ ውሃው ወይን ጠጅ መሰለ፣ ከዚያ ቢጫ ሆነ። መጨረሻ የጠፋው ቀኝ እጁ ነበር።

"አብሽሪ" አለ ሰማያዊው፤ ቃሉን ሲጨርስ ገንዳው ውስጥ ውሃ ብቻ ነበር።

እትዬ አስካለ ናሙና ወስዳ በቀለም መለኪያው ለካችው። "ዜሮ" አለች። መለኪያውን አጠፋችና "ነፍስ ይማር" ብላ ጨመረች።

ቅዳሜ ሉባባ ሥራ ስትገባ ቡናማው ጠርሙስ ባዶ ነበር። ክዳኑ እንደተዘጋ ነው። ሚስማር ላይ የተሰቀለው ጋዎኗ ግን ቀኝ እጅጌው ወደ ጎን፣ ወደ ምሥራቅ ተወጥሯል፤ በበረኪና ያነጣችው ቦታ ላይ አምስት ሰማያዊ ጣቶች አርፈዋል፤ ትንሿ የተንጋደደች ናት።

"ነፋስ ይሆን?" አለች ሉባባ።

"መስኮቱ ዝግ ነው" አለች እትዬ አስካለ።

ባዶውን እንዳይወጠር ሉባባ ክንዷን አስገባችበት። እጅጌው ረገብ አለ። ጋዎኑን ልታወልቀው አልሆነላትም፤ ብቻውን ልትተወው አልጨከነችም። ለብሳው ወደ ቤት ሄደች፣ ለብሳው አደረች።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። እንደ ወጉ ቆመው ቆዩና ሲለመኑ ተቀመጡ። ከፊት የመጡት ሸህ ሙሄ ከዚያው ቀለም ቤት በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሉባባ ነጩን ጋዎን እንደለበሰች ሻይ ይዛ ገባች። ወይዘሮ ከድጃ ምን ነካሽ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና እንግዳ ስላለ መልሰው ዘጉት።

ሸህ ሙሄ ሻዩን ተቀበሉ። እጅጌውን አዩ። ትንሿ ጣት ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው ቆመ።

"ወይዘሮ ከድጃ" አሉ፣ "ቀድሞን የመጣ አለ።"

"የለም እኮ ሸህ ሙሄ! ከሄደ ስንት ዘመኑ! ይሙት ይኑር አናውቅም!"

"እኛም አናውቅም። እጁ ግን እዚህ ነው። የተያዘች ልጅ ደጅ አንጠናም።"

ሻያቸውን በእርጋታ ጠጥተው ጨረሱ። ስለ ዝናቡና ስለ እህል ዋጋ ጥቂት ተጫወቱ። ከዚያ ዱዓ አድርገው፣ ጫማቸውን አጥልቀው ሄዱ።

ወይዘሮ ከድጃ ብርጭቆዎቹን ሰበሰቡ። ከእንግዲህ የሚቆጡበት ጉልበት አልነበራቸውም።

"እሺ፣ እስከ መቼ ነው ልጄ?" አሉ።

ሉባባ ልትመልስላቸው ዞር አለች፤ ነገር ግን እጅጌው መጎተት ጀምሮ ነበር። ደጃፉ ድረስ ወሰዳት። በግራ እጇ የበሩን መቃን ይዛ ቆመች። ቀኝ ክንዷ ወደ በረሃው በሚወስደው መንገድ በኩል ተዘርግቶ ነበር፤ እጅጌዋ ላይ ጨርቁ ከአምስቱ ጣቶች ሥር ቀስ እያለ ይጨማደድ ነበር።