ቅንጦት ያልሆነው ወንበር

«ሳትነግሩኝ ልትለቁ ነው እንዴ?» አልኩ፤ ጎረቤቴ ቧንቧ ሠራተኛው የገዛ በሩን ነቅሎ ግድግዳ ሲያስደግፍ አይቼ።

«የት ልንሄድ እትዬ? ወንበሩ አልገባ ብሎኝ ነው።»

ወንበሩ ኮሪደሩን ሞልቶት ቆሟል፤ መደገፊያ ያለው፣ የቢሮ አለቆች የሚሽከረከሩበት ዓይነት። ሚስቱ ልብስ ሰፊዋ ከውስጥ እጇን አጣጥፋ ታየዋለች። ወገቧን ካመማት ቆይቷል፤ የስፌት መኪናዋ ፊት የምትቀመጠው ግን ያቺው መደገፊያ የሌላት ዱካ ላይ ነው።

«አይገባም» አለች። «በቅንጦቱ ነው የገዛው።»

የዚያን ቤት ሕግ ላስረዳ። ኪራዩ፣ ቀለቡ፣ የልጅ ትምህርት ቤቱ ተከፍሎ የሚተርፈውን «ቅንጦት» ይሉታል። በተራ ነው። ተረኛው ያማረውን ይገዛል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቀው የለም። የግድ የሚያስፈልግ ነገር ግን በቅንጦት አይገዛም፤ እሱ የቤቱ ወጪ ነው። አሁን ተራው የባል ነበር። ምን እንዳማረው ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ማዕዘኑ ላይ ያለው ሱቅ በመስኮቱ ያስቀመጠው አኮርዲዮን። ከሥራ ሲመለስ እዚያ ሳይቆም አልፎ አያውቅም።

«ያማረኝን አይደል የምገዛው?» አለ። «እኔን ያማረኝ አንቺ ተደግፈሽ ስትሰፊ ማየት ነው።»

«አታጭበርብር። የታመመ ወገብ ምን ቅንጦት አለው? ወንበሩ የግድ ነው፤ ከወር ወጪ ቀስ እያልን እንተካዋለን። ተራህ ያው ያንተ ነው።»

«ከምኑ ቀንሰን?»

«ከሥጋው። ለሆድህም ይበጃል።»

እኔ ቤት ቢሆን ክርክሩ ይገለበጥ ነበር። ባለቤቴ ትልቁን ቴሌቪዥን፣ እኔ ሌላ ጫማ «የግድ ነው» ብለን ስንሟገት እናድራለን። እነዚህ ግን አንዱ ለሌላው ጠበቃ ቆሞ ነው የሚጣሉት። ቀናሁባቸው ብል አላፍርም።

«በቃ እትዬ ትፍረድ» ተባለ።

ፍርዱ ቀላል አልነበረም። ቤታችንን የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። ለባል ብፈርድ አኮርዲዮኑ ሱቁ ውስጥ ይቀራል፤ እንቅልፌም እኔው ጋ። ሴትዮዋን አየኋት፤ አንድ እጇ ሳታስበው ወገቧ ላይ አርፏል።

«ወንበሩ የግድ ነው» አልኩ። «ተራው አልተነካም።»

ሰውዬው እጅጌውን ሰበሰበ። ወንበሩን አጋድሞ ገፋው፤ ገባ። እሷ ተቀመጠች፣ ተደገፈች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

«መቼም» አልኩ በሩን ይዤለት ሲገጥም፣ «ልምምዱ ሲጀመር ለጆሮዬ ጥጥ ከእናንተ ነው።»

ዓይኗን አልገለጠችም።

«ጥጡ» አለች፣ «ከራስሽ ቅንጦት ነው።»