የቀዩ ሞተር ዋስ

እኔ በሕይወቴ ሞተር ነድቼ አላውቅም። ባለፈው ክረምት ግን ከሞተር ወድቄ የግራ ትከሻዬ ወለቀ። ስወድቅ ቤቴ ተቀምጬ የተማሪ ዩኒፎርም ኮሌታ እየሰፋሁ ነበር።

ነገሩ እኛ ደሴ ውስጥ እንግዳ አይደለም። ሞተር በልጅነቱ የለመደ ሰው ሲወድቅ ራሱ ይጎዳል፣ ራሱ ይድናል። ከሠላሳ ዓመቱ በኋላ የሚጀምር ሰው ግን አጥንቱ ቶሎ ስለማይገጥም ዋስ ያቀርባል። ጀማሪው ሲወድቅ ቁስሉ የሚወጣው ዋሱ ላይ ነው፤ ጀማሪው ሱሪውን አራግፎ ይነሳል። ለሥራ ቅጥር ዋስ፣ ለብድር ዋስ፣ ከጣቢያ ለመፈታት ዋስ በሚጠየቅበት አገር ይህን ብቻ ነጥሎ የሚደነቅበት ሰው አላየሁም።

ታናሽ ወንድሜ ደረበ ሞተር ልግዛ ያለው አርባ ሁለት ዓመት ሲሞላው ነው። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛ ነው። ጠዋትም ማታም የሚኒባስ ሰልፍ እንዳንገሸገሸው ነገረኝ። እውነቱን ነው፣ ያንገሸግሻል። "ከመሞቴ በፊት አንድ ቀን እንኳ ንፋስ ፊቴን እየመታኝ ሥራ ልግባ" አለ። ደሴ ላይ ንፋስ ፊቱን የማይመታው ማን እንደሆነ አላውቅም።

ዋስ ሲያፈላልግ ሰነበተ። ሚስቱ ሰናይት ልጆች አሉብኝ አለች። የልብ ጓደኛው ደም ግፊት እንዳለበት በዚያው ቀን ትዝ አለው። አለቃው ሳቀ። ከዚያ ተነጋግረው ይሁን ሳይነጋገሩ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ አላገባሁም፣ አልወለድኩም።

"እትዬ፣ አንቺ ማን አለብሽ?" አለኝ ደረበ።

እናታችን ስትሞት እሱ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ጫማውን ያሰርኩለት እኔ ነኝ፤ ደብተሩን በጋዜጣ የሸፈንኩለትም እኔ ነኝ፤ ፋብሪካው ሲቀጥረው ዋስ የሆንኩትም እኔው ነኝ። ያኔ ማን አለብሽ ያለኝ የለም። ያኔ እሱ ነበረብኝ። ይህን ልነግረው አፌን ከከፈትኩ በኋላ "እሺ" አልኩት።

ሞተር ሻጩ ጋሽ ይመር ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ሱቃቸው እንደገባን ከሞተሮቹ በፊት እኔን መረመሩ። ጉልበቴን እንዳጥፍ፣ አንገቴን እንዳዞር፣ ጣቶቼን እንድጨብጥና እንድዘረጋ አዘዙኝ። የታዘዝኩትን ሁሉ አደረግኩ።

"ሥራሽ ምንድን ነው?"

"ልብስ እሰፋለሁ።"

"ታዲያ እጅሽ ያስፈልግሻል" አሉ። ወደ ደረበ ዞረው "እጇ ያስፈልጋታል" ብለው ደገሙለት። ደረበ ራሱን በአንዱ ሞተር መስታወት እያየ "አዎ፣ አዎ" አለ።

ጋሽ ይመር ለጀማሪ የሚሆነውን ያውቃሉ። ከጥግ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ሞተር ጎትተው አወጡ። ያገለገለች ናት፤ ቀለሟ እዚህም እዚያም ተልጧል። "የመጀመሪያ ሞተር ስትመርጥ ስለ ፍጥነት አትጠይቀኝ" አሉት። "ስትቀመጥባት ሁለቱም ተረከዝህ መሬት ይንካ። ስትወድቅ ብቻህን የምታነሳት ትሁን። መላጧም ጥሩ ነው፤ መውደቋ ስለማይቀር አታዝንላትም። እሷን አንድ ዓመት ንዳና ከዚያ የፈለግከውን ውሰድ።"

ደረበ ተቀመጠባት። ሁለቱም ተረከዙ መሬት ነካ። በዚያ ሰዓት ሁለት ሴት ተማሪዎች በሱቁ በር ሲያልፉ ተሳሳቁ። በእሱ ይሁን በሌላ ነገር ማንም አያውቅም። ደረበ ግን ወዲያው ወረደ።

በሩ አጠገብ ትልቅ ቀይ ሞተር ቆሟል። ሲወጣበት መሬት የነካው የጫማው ጫፍ ብቻ ነው፣ ያውም በአንድ በኩል።

"ይሄ ለጀማሪ አይሆንም" አሉ ጋሽ ይመር። "ከባድ ነው። ይጥልሃል።"

"ዋስ እያለኝ ምን እፈራለሁ?" አለ ደረበ።

አጠገቡ ቆሜያለሁ። ይህን ሲል ወደ እኔ አላየም። ክፋት አልነበረበትም፤ ዣንጥላ የያዘ ሰው ሰማዩን ቀና ብሎ እንደማያየው ነው። ቢሆንም ቂም ያዝኩ፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም። ጋሽ ይመር መዳፌን ቀዩ የቤንዚን ታንክ ላይ እንዳሳርፍ ነገሩኝ። አሳረፍኩ። ሞተሩ ሳይነሳ ታንኩ ይሞቃል።

"ዋስ ነሽ?"

"ነኝ።"

በዚሁ አለቀ፤ ሌላ ወግ የለውም።

ልምምዱ ሆጤ ሜዳ ላይ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ደረበ ፍሪሲዮኑን ድንገት ለቀቀውና ገና ሳይሄድ ወደቀ። እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ቀኝ ጉልበቴ ተላጠ፤ ሳጥበው ከቁስሉ ውስጥ የሆጤ ጠጠር ወጣ። ቀጥሎ ክርኔ ሆነ። ቀጥሎ ሁለቱም መዳፎቼ ተገሸለጡ፤ ደም የሰው ልብስ እንዳይነካ እጄን በጨርቅ ጠቅልዬ ሰፋሁ። ቀጥሎ ያ ትከሻዬ ነው።

ወጌሻው ትከሻዬን ወደ ቦታው እየመለሰ "ማን ነው የሚነዳው?" አለኝ።

"ወንድሜ።"

"ወንድም ደህና ነው። ባል ይብሳል" አለኝ።

ደረበ ከሥራ ሲመለስ ይጠይቀኛል። ሙዝ ይዞ ይመጣል። ልብሱ ንጹሕ ነው፤ ፊቱም ወዝ አውጥቷል። አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ይልና የዋለበትን ያወራልኛል።

"ዛሬ እኮ ሦስተኛ ማርሽ አስገባሁ።"

"አውቄያለሁ" አልኩት።

"በምን አወቅሽ?"

"ጥርሴ ተነቃነቀ።"

ቀልድ መስሎት ሳቀ። አፌን ከፍቼ አሳየሁት።

"ትንሿን ብትገዛ ኖሮ እኮ" አልኩት።

"እትዬ ደግሞ! ሰው ሳይወድቅ መቼ ይለምዳል?"

"አንተ መች ወደቅክና?"

ሙዝ ላጠልኝ፤ እጄ ስለታሸገም አጎረሰኝ።

በዚያው ሰሞን ሄልሜት ገዛሁ፣ ለራሴ። ደረበ ፀጉሬን ያበላሸዋል ብሎ አያደርግም። እኔ ጠዋት ስነሳ አደርገዋለሁ፣ እሱ ቤቱ መግባቱን ስሰማ አወልቀዋለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ነጠላ እንጂ ሄልሜት ስለማይደረግ፣ ቅዳሴ እስኪያልቅ እንዳይነዳ ለምኜዋለሁ። ደንበኞቼ መጀመሪያ ግር ብሏቸው ነበር፤ በኋላ የልጆቻቸውን ልኬት ጮክ ብለው ይነግሩኝ ጀመር። ወተት የምታመጣልኝ ሴትዮ "ማን ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ወንድሜ ስላት ቀሚሷን ሰብስባ ያበጠ ጉልበቷን አሳየችኝ። ወተቱን ቀዳችልኝና ሄደች።

እያደር ደረበ ለመደ፤ መውደቁም ቀነሰ። አረፍኩ ብዬ ነበር። ዋስትና ግን ከቁስል ጀምሮ ወደ ሌላውም ይዘልቃል፤ ይህን አስቀድሞ የነገረኝ የለም። የስፌት መኪናዬ ላይ አጎንብሼ ስሰፋ፣ መስኮቱ ተዘግቶ ሳለ፣ ንፋስ ዓይኔን ያስለቅሰኝ ጀመር። ደረበ መንገድ ሲታጠፍ እኔም ወንበሬ ላይ ዘመም እላለሁ። ስፌቴ ሁሉ ጠማማ ሆነ።

ደረበ ግን ተከፍቶ መጣ።

"ንፋሱ እኮ አይሰማኝም" አለኝ። "ፊቴ ላይ ምንም የለም። ዝግ ቤት ውስጥ የተቀመጥኩ ነው የሚመስለኝ።"

"ወደ እኔ እየመጣ ነው።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?" አለና ትንሽ አሰበ። "ፍጥነት ብጨምር ይሻል ይሆናል።"

ሲነጋ ተነስቼ ጋሽ ይመር ሱቅ ሄድኩ። ሄልሜቴን አላወለቅኩም።

"ከዋስትናው ልውረድ" አልኳቸው። "እጄ ሳይሰበር ልውረድ። ሌላ የምኖርበት የለኝም።"

"ተተኪ አምጪ።"

"ማንን?"

ጋሽ ይመር ያዘኑልኝ መሰለኝ። ወንበር ፈልገው ሲያጡ ጥግ ወዳለችው ትንሽ ሰማያዊ ሞተር ጠቆሙኝ። እስካሁን የገዛት የለም። ተቀመጥኩባት። ሁለቱም ተረከዜ መሬት ነካ። መሪዋን ያዝኩ፤ የታሸገው እጄ እንኳ አላመመኝም። ሃምሳ ዓመቴ ነው፤ ከቤቴ እስከ ገበያ፣ ከገበያ እስከ ቤቴ ስመላለስ እዚህ ደርሻለሁ። ደስ አለኝ። መጨረሻ ደስ ያለኝ መቼ እንደሆነ ላስታውስ ሞክሬ አቃተኝ።

"እኔ ልግዛት" አልኩ።

"ላንቺ የተሠራች ናት" አሉ ጋሽ ይመር፣ እየሸነገሉኝ አልነበረም። "ዋስሽ ማን ነው?"

እዚያው ሆኜ ደረበ ጋ ደወልኩ። የምፈልገውን ነገርኩት። "እትዬ፣ እኔ እኮ ቤተሰብ አለብኝ" አለ፤ ድምፁ ውስጥ ቅሬታ ነበር።

ስልኩን ዘጋሁ። "ለራሴ እኔው ዋስ ልሁን" አልኳቸው ጋሽ ይመርን። "ብወድቅ እኔው ልቁሰል።"

"አይሆንም። ተይዘሻል።"

"ምኔ ነው የተያዘው?"

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። "በሙሉ" አሉ። "ከቀዩ ሞተር የተረፈሽ አካል የለም።" ከዚያ ደንበኛ መጣባቸው። "ከፈለግሽ ግን ትንሽ ተቀመጪባት" ብለውኝ ሄዱ። ትንሽ ተቀመጥኩባት።

ዛሬ ጠዋት ደረበ ደወለ። እስከዛሬ ሲነዳ የነበረው ከተማ ውስጥ ነው። ዛሬ በሞተሩ ሥራ እገባለሁ አለኝ። ይህ ማለት ሐረጎን መውረድ ነው። ሐረጎ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው፤ ክረምት ሲሆን ጉም ይተኛበታል፣ መንገዱም ያንሸራትታል።

"ደረበ፣ ተው" አልኩት። "በእናታችን ይሁንብህ፣ ዛሬ በሚኒባስ ሂድ።"

"አታስቢ፣ ለምጃለሁ" አለ። ሊዘጋው ሲል አንድ ነገር ትዝ አለው። "እትዬ፣ ሄልሜትሽን አድርጊ" አለኝ።

አደረግኩ። ጉልበቴን በብርድ ልብስ ጠቀለልኩ። ሰናይት በሩን አንኳኩታ ገባች። "ሲወርድ አብሬዎት ልሁን ብዬ ነው" አለች። ሽሮ ጣደች፣ መርፌዎቼንና መቀሶቼን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች፣ የስፌት መኪናውንም ወደ ግድግዳው አስጠጋች። ሰናይት ንጹሕ ሴት ናት።

መጀመሪያ ወደ ግራ ዘመም አልኩ። ከዚያ ወደ ቀኝ። እንደገና ወደ ግራ፣ ከቀድሞው በለጥ አድርጌ። ሰናይት ወንበሩን ያዘችልኝ። ንፋሱ መጣ። ብርድ ልብሱን ከጉልበቴ ገፎ ጣለው፤ የጉም ሽታ ነበረው። ንፋሱ ጥሩ ነበር፣ አልክድም። ወንድሜ ዕድሜ ልኩን የተመኘው ንፋስ እየመታኝ ነው፤ እሱ አይሰማውም። ወደ ቀኝ ዘመም አልኩ። አልተመለስኩም።

እግሮቼ ከወለሉ ተነሱ። ወንበሩ ከሥሬ ቀረ። ሰናይት እጇን ለቀቀችና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች።

"ሽሮው ይገነፍላል" አልኳት ከላይ ሆኜ።

ሄዳ እሳቱን ቀነሰች። ስልኳ ጮኸ። ደረበ ነው፤ ድምፁ እስከ ጣሪያው ድረስ ይሰማል። ሞተሩ ገደል ገብቷል። እሱ መንገዱ ዳር ቆሞ ሱሪውን እያራገፈ ነው።

ሰናይት ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ እኔ ቀና አለች። ፊቷ በርቷል።

"እሰይ፣ ምንም አልሆነም!" አለችኝ። ከዚያ ብርድ ልብሱን አነሳችና፣ እኔ የምወድቅበት ነው ብላ ባሰበችው ቦታ ላይ፣ አራቱንም ጫፍ እያስተካከለች አነጠፈችው።

እኔ ገና መሬት አልደረስኩም።