ሻሹ የተገመገመ ዕለት

በዚያ ዘመን የማይገመገም ነገር አልነበረም። ቀበሌው ይገመገማል፣ መምህሩ ይገመገማል፣ ተደራጅተው ንብ የሚያረቡ ወጣቶች ከነቀፎአቸው ይገመገማሉ። ታዲያ የሸዋ ሮቢት ልጆች «የቆላ ብዕር» የሚል ክበብ አቋቁመው እያንዳንዳቸው በኢንተርኔት ላይ የግል ብሎግ ሲከፍቱ፣ ብሎጉ ከማን በልጦ ይቀርለታል? «ቅርጽ» እና «ይዘት» ተብሎ ለሁለት ተከፈለና የግምገማ ቀን ተቆረጠለት። አንደኛ የወጣው ብሎግ ደብረ ብርሃን ላይ በሚደረገው ውድድር ከተማዋን ይወክላል ተባለ።

ብሎጎቹ እንደ ባለቤቶቻቸው ነበሩ። የደሳለኝን የከፈተ ሰው መጀመሪያ የሚቀበለው የማርሽ ሙዚቃ ነው፤ ማጥፊያው የት እንዳለ የሚያውቀው ደሳለኝ ብቻ ነው። ከላይ ቀይ ጽሑፍ ይሮጣል፣ ከታች ባንዲራ ይውለበለባል፣ ከጎን ስንት ሰው እንደጎበኘው የሚቆጥር ሰሌዳ አለ፤ አብዛኛው ጎብኚ ራሱ ደሳለኝ መሆኑን ግን ሰሌዳው አይናገርም። ጽሑፉ ከጋዜጣ የተገለበጠ ነው። የሽንኩርት ነጋዴው የሁሴን ልጅ ሐቢባ ደግሞ ያለ ምንም ጌጥ፣ ነጭ ገጽ ላይ፣ የይፋትን የጥንት ወሬ ትጽፍ ነበር። አያቷ ስለ አሊዩ አምባ ገበያ ያወሯትን፣ ልክ እንዳወሯት፣ የአርጎባውን ቃል ሳትቀይር።

የሶስና ብሎግ ስለ እናቷ ነበር። እናቷ እመቤት መናኸሪያው በር ላይ ምግብ ቤት ነበራት። ከደሴ በካራቆሬ በኩል የሚመጣውም አውቶቡስ፣ ከአዲስ አበባ የደብረ ሲናን ቁልቁለት የሚወርደውም ምሳ የሚያርፈው እሷ ዘንድ ነው። አንድ የበጋ መጨረሻ ወባ ጣላትና በዚያው ቀረች። ሶስና ምግብ ቤቱን መያዝ አልሆነላትም፤ እዚያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠረች። አውቶቡስ በገባ ቁጥር ግን እጇ ሥራ ይፈታል። ያኔ ነው መጻፍ የጀመረችው።

«እናቴ ሰውን ከየት መጣህ አትልም፣ ወዴት ትሄዳለህ አትልም» ብላ ነበር የጀመረችው። «በልተሃል ወይ ነው የምትለው። አልበላሁም ያለ ሁሉ የእሷ ዘመድ ነበር።»

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ? ጽሑፉ መጣላት። ስለ ሾፌሮቹ ጻፈች፣ ኪሱን ተሰርቆ ምሳ ስለበላው ወታደር ጻፈች፣ እናቷ በፍቅር ስለምትሰድባቸው ወያሎች ጻፈች። አባቷ ጋሼ ብርሃኑ ጎማ ጠጋኝ ናቸው፤ ብሎግ ምን እንደሆነ ባይገባቸውም፣ ጎማ ሊያስጠግን የመጣ አንድ ሾፌር፣ «የእመቤትን ነገር አነበብኩት፣ ጋሼ» ሲላቸው ወደ ቤት መጥተው፣ «እናትሽን ኮምፒውተር ውስጥ አስገባሻት አሉ» አሏት። ደስ ብሏቸው ነበር።

በዚህ ሁሉ ከጎኗ የነበረው ዮሴፍ ነው። ዮሴፍ የኮምፒውተር መምህርና የክበቡ ሰብሳቢ ነበር፤ ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ ሰው ሁሉ እንዲወደው አጥብቆ የሚፈልግ ልጅ። ከሶስና ጋር እንደሚዋደዱ ከተማው ያውቃል። በዳግማይ ትንሣኤ ለአባቷ ሽማግሌ ሊልክ ተነጋግረው ጨርሰዋል።

«ጽሑፍሽ ልብስ ያስፈልገዋል» ያላት እሱ ነው። እሷም የእናቷን አረንጓዴ ሻሽ ከሳጥን አውጥታ መጣችና ኮፒ ማሽኑ መስታወት ላይ ዘረጋችው። ክዳኑ አልገጥም ሲል ዮሴፍ በመዳፉ ተጫነው። የሻሹ ምስል ኮምፒውተሩ ላይ ሲወጣ ክሩ ሁሉ ይታያል፤ ጥጉ ላይ ደግሞ ከምድጃ የፈናጠቀ እሳት የበሳት ትንሽ ቀዳዳ አለች። ሶስና ቀዳዳዋን ልታጠፋት ስትል ዮሴፍ እጇን ያዛት።

«ተያት፣ ሶሲ» አላት። «እሷን ያየ ሰው እናትሽን ያያል።»

እንዲህ ሆነና ሻሹ የብሎጉ ጀርባ ሆነ፤ ጽሑፉ ሁሉ እሱ ላይ ተነጠፈ። የመጨረሻውን ጽሑፍ ደግሞ ዮሴፍ ከማንም በፊት አነበበው። እናቷ ሆስፒታል ተኝታ፣ ትኩሳቱ አናቷ ላይ ወጥቶ፣ ከሩቅ ጥሩምባ ስትሰማ፣ «አውቶቡሱ ገባ? ቶሎ በሉ፣ ሰዉ ርቦታል» እያለች ከአልጋ ልትነሣ ስትታገል የሚያሳይ ነው። ዮሴፍ አንብቦ ሲጨርስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል።

«ከዚህ የተሻለ ነገር አንብቤ አላውቅም» አላት። «ሙች እውነቴን ነው።»

ሶስና ይህቺን ቃል እንደ አደራ ያዘቻት። እናቷ ከሞተች ወዲህ፣ «አይዞሽ» ያላት ሰው ብዙ ነው፤ የተናገረችውን የሰማላት ግን እሱ የመጀመሪያው ነበር። ስለዚህ የግምገማው ቀን ሲደርስ ሐቢባ፣ «ወላሂ አንቺ ነሽ የምታልፊው» ብትላት፣ «ባላልፍም ግድ የለኝም» ነበር መልሷ። «ዮሴፍ ለእኔ ያላትን ቃል እዚያ ሰው ፊት አንዴ ቢደግማት ይበቃኛል።» የፈለገችው ይህንኑ ነው፤ ሌላ ነገር አልፈለገችም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ዮሴፍ ሲታማ መሰንበቱን የሰማው ስብሰባው ሊጀመር ሲል ነው። ደሳለኝ በየሻይ ቤቱ፣ «ውጤቱ የታወቀ ነው፤ ሰብሳቢው ለወዳጁ ይሰጣል፤ ይሄ ኔትወርክ ነው» ሲል ከርሟል። ኔትወርክ ማለት ያኔ እንደ ዛሬው ስልክ የሚያሠራው ነገር ብቻ አልነበረም፤ ተቧድኖ መጠቃቀም ማለት ነው፣ ሰውን ከወንበሩ የሚያወርድ ስም። ዮሴፍ ይህን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ።

አዳራሹ ቆርቆሮ ነው፤ ቬንትሌተሩ ይዞራል እንጂ አያበርድም። ብሎጎቹ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ይታያሉ፣ ሰው ተራ በተራ ይነሣና ጠንካራ ጎን፣ ደካማ ጎን ይላል። ሐቢባን፣ «የአርጎባ ቃላት መጠቀሟ ለአንባቢ ግልጽ አይደለም» ብለው ተቿት። «ያልገባው አያቴን ይጠይቅ፤ አፋቸው አልተዘጋ» ብላ ተቀመጠች፣ ቤቱ ሳቀ። የደሳለኝ ብሎግ ማርሹን ሲያሰማ በረንዳ ላይ የተኛው የጥበቃው ሰውዬ ብድግ ብሎ ቆመ፤ እሱም አሳቀ። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበር።

ከዚያ አረንጓዴው ሻሽ ግድግዳውን ሞላው። ሶስና የእናቷን ሻሽ ያን ያህል ትልቅ ሆኖ አይታው አታውቅም።

ግምገማ የራሱ ወግ አለው። ሰብሳቢ የሆነ ሰው ንጹሕ መሆኑን ማሳየት ከፈለገ መጀመሪያ የሚመታው የቅርቡን ሰው ነው። ወንድም ወንድሙን፣ ወዳጅ ወዳጁን ከሌላው አጥብቆ ይተቻል፤ ሲወጡ ተያይዘው ሻይ ይጠጣሉ። ይህን ሶስናም ታውቃለች። ዮሴፍ ማንንም ሳያስቀድም ራሱ ሲነሣ አልደነገጠችም።

«የወይዘሪት ሶስና ብርሃኑ ብሎግ በቅርጽ ረገድ ሰፊ ክፍተት አለበት» ሲል ጀመረ። «ጀርባው ዓይን ይወጋል፤ የጨርቅ መደብር ይመስላል። ጭራሽ ጥጉ ላይ ቀዳዳ አለ። ይህ የጥራት ጉድለት ነው።»

ወይዘሪት ሶስና ብርሃኑ! አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሶስና ጉልበቷን ጨበጠች። ይሁን፣ የወግ ነው፤ ይዘቱ ላይ ሲደርስ ይናገራል።

«በይዘት በኩል» አለ ዮሴፍ፣ ወረቀቱን እያየ፣ «የግለሰብ ኀዘን ነው። አንባቢን ያስለቅሳል እንጂ አያስተምርም። ልቅሶ ቤት የገባ ነው የሚመስለው።»

ሐቢባ የሶስናን እጅ ፈልጋ ያዘች። ሶስና ግን አሁንም ጠበቀች፤ ጠንካራ ጎን የሚባለው ገና ነው። ዮሴፍ ሳይለው ተቀመጠ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ እንኳ ትተርፍ ነበር፤ አልቅሳ፣ ተኳርፋ፣ ይቅር ባለችው። ደሳለኝ ግን ያገኘውን የሚለቅ ሰው አይደለም። እጁን አወጣ።

«ሂሱ ጥሩ ነው» አለ። «ነገር ግን ይህ ብሎግ ሲሠራ ሰብሳቢው አብረው እንደነበሩ ይታወቃል። ግለ ሂስ ያስፈልጋል። ራሳቸውን ይገምግሙ።»

ዮሴፍ ተነሣ። ላቡ በተተኮሰው ሸሚዙ ላይ ወርዷል። አንዴ ሶስናን አያት፣ ቶሎ ብሎ ዓይኑን ወደ ደሳለኝ መለሰ።

«እውነት ነው፣ ድክመት አለብኝ» አለ። «ሻሹ ኮፒ ሲደረግ አብሬ ነበርኩ። በግል ግንኙነት ተሸንፌ ጽሑፉን፣ ከዚህ የተሻለ አንብቤ አላውቅም ብያታለሁ። አንብቤም . . . ስሜታዊ ሆኜ ነበር። ይህ ስሕተት ነው። ሁለተኛ እንዳይደገም ራሴን አርማለሁ።»

ተጨበጨበ። ሶስና እስከ ዕለተ ሞቷ ያንን ጭብጨባ የምትረሳው አይመስለኝም። እንዲደግማት ስትመኝ የከረመችው ቃል ይኸው ሰው ፊት ተደገመች፤ ግን እንደ ጥፋት። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ሲባል እንሰማለን፤ ዮሴፍ ተገልብጦ በቤት አልጋ ሆኖ በውጭ ቀጋ ሆነባት። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከፋ እኔ አላውቅም፤ እሷ ግን አወቀችው።

«ወይዘሪት ሶስና፣ ሂሱን ትቀበያለሽ?» አለ ደሳለኝ።

«ተቀብያለሁ» አለች።

ለደብረ ብርሃን የደሳለኝ ማርሽ ተመረጠ። ሐቢባ፣ «አላህ ይይላችሁ!» ብላ ሻርፗን አጣፍታ ወጣች።

ዮሴፍ በር ላይ ጠበቃት። ተጸጽቶ የቆመ እንዳይመስላችሁ። ሸክም ያወረደ ሰው ፊት ነበረው።

«ተገላገልን፣ ሶሲ!» አላት፣ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ። «ደሳለኝ አፉን ዘጋ። አሁን ሽማግሌ ብልክ ማንም ኔትወርክ አይለኝም። ሻሹን ደግሞ እንዳትነኪው፣ እንዳለ ይቀመጥ። እኔ ልቤ ውስጥ ያለውን ታውቂያለሽ።»

«የት ነው የማውቀው?»

«እንዴ! አልነገርኩሽም?»

«ነገርከኝ። ዛሬ ደግሞ ስሕተት ነበር አልክ።»

«እሱ እኮ የመድረክ ነው! ሶሲ፣ ወጉን እያወቅሽ። እኔስ ምን ላድርግ፣ ሊያወርዱኝ ነበር።»

«ብሎጌን ብትሰድበው ግድ አልነበረኝም» አለች ሶስና። «ቀዳዳውንም፣ ልቅሶ ቤት ያልከውንም ችዬው ነበር። ዮሴፍ፣ አንተ ግን እናቴን ያለቀስክላትን ነው እንደ ኃጢአት የተናዘዝከው። እንዳይደገም ብለህ ቃል ገባህ፤ ሰውም አጨበጨበልህ።»

ልክ በዚያች ደቂቃ ደሳለኝና ጓደኞቹ ከአዳራሹ ብቅ አሉ፤ ዮሴፍ ምንም ሳያስበው ከሶስና አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ ቆመ። መራቁን ያወቀው ከራቀ በኋላ ነው። ሊመለስ ሲል እሷ መንገድ ጀምራለች።

አባቷ ሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጠው የጭነት መኪና ጎማ ውኃ ገንዳ ውስጥ እየነከሩ የተበሳበትን ይፈልጉ ነበር። ሲያዩዋት ፊታቸው በራ።

«መጣሽ? እኔማ የዳግማይ ትንሣኤውን ነገር ሳስብ ነው የዋልኩት። ሽማግሌ ባዶ ቤት አይቀመጥ፣ ወንበር ከጎረቤት እንዋስ ወይስ—»

«አባባ፣ ሽማግሌ ሲመጣ እንቢ በላቸው።»

ጋሼ ብርሃኑ ጎማውን ለቀቁት። ፊቷን ሲያዩት ያለቀሰች አልመሰላቸውም፤ ያ ነው ያስፈራቸው።

«ሌላ ሰው አለ?»

«የለም።»

«በደለሽ? እጁን አነሣብሽ? ንገሪኝ፣ አባትሽ ነኝ።»

«አልነካኝም።»

«አትወጂውም እንዴ ታዲያ?»

«እወደዋለሁ» አለች። እንባዋ ያን ጊዜ መጣ፤ ሲመጣ ደግሞ አላባራም። አባቷ ጥቁር እጃቸውን በሱሪያቸው ጠርገው ትከሻዋን ያዙ፣ እሷም ጎማው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«እሱስ? አይወድሽም?»

«እሱም ይወደኛል፣ አባባ። ግን ያፍርበታል።»